የግራ እጅ ጭረት

ሰው ሳስተምር እጁን ይዤ አላውቅም ነበር። ሸክላ ግን እጅ ካልተያዘ በቀላሉ የማይገባ ሥራ ነው። እናቴ እኔን ስታስተምረኝ አውራ ጣቴን በአውራ ጣቷ ተጭና፣ ጥፍሬን እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ነክራ፣ «እዚህ ላይ ጫን አርጊው፣ እዚህ ላይ ለቀቅ» እያለች ነው። ጣሊያን ጎንደር ላይ በከፈተው የሸክላ ትምህርት ቤት የተሰጡኝ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ግን የክርስቲያን ልጆች ነበሩ፤ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። በእኛ ሥርዓት ከወገን ውጭ ያለን ሰው የነካ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም መንደር አይገባም። አሥራ ሁለት እጅ ስይዝ ውዬ በየቀኑ ከመንደር ውጭ ላመሽ ነው? ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ስለዚህ ሳልነካቸው የማስተምርበት ዘዴ ፈለግሁ፣ አገኘሁም።

ወገኖቼ ኢየሩሳሌም ሲገቡ አንቺ ለምን ቀረሽ የሚሉኝ አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አፌን ከምከፍት አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ነገር ማስረዘም አልወድም።

ትምህርት ቤቱ የአንድ መኮንን ሚስት ሐሳብ ነበር። ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ ሲኞራ ነው የምንላት። አገሯ ለምትልከውና ለመኮንኖቹ ጠረጴዛ የሚሆን ጌጥ ያለው ሸክላ ትፈልግ ነበር፤ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሳህን፣ ከሁሉም በላይ የሲጋራ መተርኮሻ። ከመንደራችን አንዲት ሴት መጥታ እንድታስተምር በአስተርጓሚው በኩል ለሽማግሌዎቻችን ትእዛዝ መጣ። ሽማግሌዎቹ ያሰቧት እህቴን ነበር፤ በእጅ ሥራ የሚደርስባት አልነበረም። እሷ ይህን ስትሰማ አፈር ልቆፍር ብላ ወጥታ እስኪመሽ ጠፋች። በማግስቱ እኔ ተላክሁ። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚባለው ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል።

እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ጥሏት ሄዷል፣ ልጅ አልነበራትም፤ የነበረኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ የነበራትም ሰው እኔ ብቻ። ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች ግራ እጇን በገመድ አስረው ቀኟን ሊያስለምዷት ሞክረው ነበር አሉ፤ ገመዱን በጥርሷ ፈትታ ሥራዋን ቀጠለች። እንስራ ስትሠራ አንገቱ ሥር ሦስት ረድፍ የጥፍር ጭረት ታደርጋለች። የሌሎቻችን ጭረት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የእሷ ወደ ግራ ያዘነብላል።

በመንደራችን እያንዳንዷ ሴት የራሷ ምልክት አላት፤ ለጌጥ ብቻ አይደለም። እሳት የምናነደው በጋራ ነው። የስምንት የዘጠኝ ሴት ሸክላ በአንድ ጉድጓድ ተደርድሮ፣ ኩበት ተከምሮበት ይተኮሳል። ሲወጣ ሁሉም አንድ መልክ ይሆናል፤ የማን የማን እንደሆነ የሚለየው በአንገቱ ነው። በሌላ ብዙ ነገር ተጣልተናል፣ በዚህ ግን ተጣልተን አናውቅም።

ልጃገረዶቹ የመጡት ሸክላ ወደው አልነበረም። ሲኞራዋ በየሳምንቱ ዱቄት ትሰፍርላቸዋለች፤ ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ ዱቄት ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ከእኔ መማሩ ግን አስፈርቷቸዋል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ሲባል ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ስገባ አንዷ የያዘችውን ዳቦ በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሌላዋ ክታቧን አውጥታ ከቀሚሷ በላይ አንጠለጠለችው። ሲኞራዋ «ማኤስትራ በሏት»፣ መምህርት በሏት ማለቷ ነው፣ ብትላቸውም «ሴትዮዋ» ነበር የሚሉኝ። እኔም ዝም አላልኩ። «አይዟችሁ፣ እኔ የምበላው ወፍራም ወፍራሙን ነው፤ ከእናንተ መካከል ለእራት የምትበቃ አላየሁም» አልኳቸው። ግማሾቹ ሳቁ። የቀሩት ዳቦውን ይበልጥ ሸፈኑት።

ዘዴው ይህ ነበር። መጀመሪያ ቄሳችንን ጠየቅኋቸው። «ጭቃ እሳት ካልነካው ገና ዕቃ አይደለም፤ ዕቃ ያልሆነ ነገር አይረክስም» አሉኝ። እሰየው አልኩ። እርጥብ ጭቃ ላይ የራሴን ጭረት እሠራና ሰሌን ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እላለሁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ዓይናቸውን በነጠላ ይተሳሰሩና በጣታቸው ይዳስሱታል። ጥፍሩ የት ገባ? የት ላይ ጫነ? የት ላይ ለቀቀ? እጄ ያለፈበትን መንገድ እጃቸው እየተከተለው ይሄዳል። ከዚያ ዓይናቸውን ፈትተው የራሳቸውን ይሞክራሉ። በጥፍር መጫርን፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ እያንከባለሉ ማሸካከርን፣ በተገመደ ገመድ መጫንን፣ በሰንበሌጥ አገዳ ክብ ክብ ማተምን፣ በወንዝ ጠጠር አሽቶ ማለስለስን በዚህ መንገድ አስተማርኩ። ዓይን ካየ እጅ ይሰንፋል። ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ።

እየቆየ ዘዴው ጨዋታ ሆነ። ከመንደር የተሰባበረ ሸክላ ገል በቅርጫት እየያዝኩ እመጣ ጀመር፤ እነሱ ከነኩት በኋላ ወደ መንደር ስለማይመለስ እዚያው ይቀር ነበር። ገሎቹን ሰሌን ላይ እደረድርና «ይህ የማን እጅ ነው?» እላለሁ። የመንደራችንን ሴቶች አንዳቸውንም ሳያዩ በእጃቸው ለዩዋቸው፤ ባለ ወፍራም ጥፍሯን፣ ቸኳዪቱን፣ ጣቷን እሳት ያጎበጠባትን። ሲኞራዋ ጨዋታውን አይታ በጣም ወደደችው። እንግዳ ሲመጣባት ይዛው ትመጣና ከልጆቹ የአንዷን ዓይን በሐር መሀረቧ ታስራለች፤ ልጅቷ ስትመልስ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ያስተማሩት ሰው ሲያውቅ የማይደሰት ማን አለ?

ከሁሉ የምትበልጠው አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ዘምቶ ቀርቷል፤ ከእናቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት ትኖራለች። ዳቦዋን መሸፈን ከሁሉ ቀድማ የተወችው፣ «እትዬ» ብላ የጠራችኝም እሷ ናት። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ አንዴ የዳሰሱትን አይረሱም። አንድ ቀን የእህቴን ገል ሰጠኋትና ቆማ ቀረች። «እትዬ፣ ይሄኛው እጅ የተገለበጠ ነው» አለችኝ። ኩራቴ አፌን ከፈተው። «የእህቴ ነው። ግራኝ ናት። በዚህ አገር ጭረቱ ወደ ግራ የሚያዘነብል እንስራ የእሷ ብቻ ነው» አልኩ። ሁሉም እየተቀባበሉ ዳሰሱት። ሌላዋ ልጅ «ምናልባት ገሉን ዘቅዝቀን ይዘነው ቢሆንስ?» አለች። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ጭቃ ላይ ጭሬ፣ ገልብጬ አሳየኋቸው፤ ወደ ግራ ያዘነበለ ጭረት ተዘቅዝቆም ወደ ግራ ያዘነብላል። «ዕቃ ይገለበጣል እንጂ እጅ አይገለበጥም» አልኳቸው። አነጋገሬን ወደድኩት።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከወትሮው ይልቅ እንስራ ታበዛ ነበር። በአህያ ጭና ወደ ሳንጃ በሚወስደው ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ስትመለስ አህያው ባዶ ነው፣ የገዛችውም ነገር የለም። ጠየቅኋት። አልደበቀችኝም።

«ቆላ ያሉት ልጆች ውኃ ማጠራቀሚያ የላቸውም» አለችኝ። «ዋሻ ውስጥ ነው ያሉ። በበጋ ምን ይጠጡ?»

አርበኞቹን ማለቷ ነው። «እትዬ፣ እንግዲያውስ ጭረቱን ተይው። ልሙጥ አድርጊው» አልኳት።

«ምነው?»

«ያውቁሻላ።»

«ልሙጥ እንስራ እርጥብ እጅ ላይ ይሾልካል። ገመድም አይዝም። ውኃ ፍለጋ ሦስት ሰዓት ወርዶ የመጣ ሰው እንስራው ከእጁ ሾልኮ ቢሰበርበት የማን ኃጢአት ነው?» ጭቃውን መለወስ ቀጠለች። «ደግሞ ጣሊያን የሸክላ ጭረት ምን ያውቃል? ማኪናውን ይወቅ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ጨዋታ ግን አልነገርኳትም። ምን ብዬ እንደምነግራት አላወቅሁም ነበር፤ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አሳደርኩት።

በየካቲት ይመስለኛል፣ ጣሊያኖች ቆላ ወርደው አንድ ዋሻ ከበቡ። አርበኞቹ አምልጠዋል፤ የተገኘው አመድና የተሰባበረ እንስራ ነበር። አንድ መኮንን የአንዱን እንስራ አንገት ይዞ ጎንደር ገበያ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲጠይቅ ከረመ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ከእህቴ እንስራ ገዝታ የማታውቅ የጎንደር ሴት ብትኖር ጥቂት ናት፤ ያም ሆኖ ገበያው ሁሉ «አላየንም፣ የዚህ አገር አይመስልም» አለው። ገበያ ምስጢር አይጠብቅም ይባላል። ያኔ ጠበቀ። ምስጢሩን ያወጣው የእኔ ትምህርት ቤት ነው።

ሲኞራዋ እንደ ልማዷ እንግዳ ይዛ መጣች። እንግዳው ያ መኮንን ነበር፤ ከኋላው አስተርጓሚውና ሁለት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ አሉ። እኔ መኮንን አይቼ አልደነገጥኩም፤ ሁልጊዜ መኮንን ነው የሚመጣው። ሲኞራዋ የልጅቷን ዓይን በመሀረቧ አሰረች። እኔ ሁለት ገል ሰሌን ላይ አስቀመጥኩ። መኮንኑ ጎንበስ አለና ከቦርሳው ሦስተኛ አውጥቶ ከጎናቸው አደረገ።

አየሁት። በዋሻ ጭስ ጠቁሯል፣ ጭረቱ ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሦስት ረድፍ፣ ወደ ግራ።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ዳሰሰች። «ይሄ የቸኳዪቱ ነው» አለች። ሁለተኛውን ዳሰሰች። «ይሄ የእትዬ የራሷ ነው።» ሲኞራዋ አጨበጨበች። ማሳል እችል ነበር። ቅርጫቱን መድፋት፣ «በቃ» ማለት፣ ወድቄ መንፈራገጥ እችል ነበር። አንዱንም አላደረግሁም። አስተማሪ ሆኜ ተማሪዬ እንድትሳሳት የለመንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጣቶቿ ሦስተኛው ላይ ገና እንዳረፉ ፈገግ አለች፤ ቀላል ጥያቄ የመጣለት ልጅ እንደሚስቀው።

«ይሄማ የእትዬ እህት ነው፤ የግራኟ» አለች።

አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው።

«ተሳስታለች። የእኔ ነው» አልኩ። መኮንኑ አልተቆጣም። ጠዋት ከልጆቹ አንዷ የሠራችው፣ ገና ያልደረቀ የእንስራ አንገት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አንስቶ ፊቴ አስቀመጠው። «ሥሪው ይልሻል» አለኝ አስተርጓሚው።

ግራ እጄን ወደ ጭቃው ላክሁ። ያ እጅ በዕድሜው ዕቃ ደግፎ ከመያዝ በቀር ሥራ አልሠራም። ጥፍሩ ገብቶ አልወጣ አለ፤ ዶሮ የጫረችው መሰለ። ቀኜን መለስኩ፤ ቀኜ በለመደው መንገድ ሄደ፣ ወደ ቀኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ዛሬም ሲታወሰኝ ፊቴን እሸፍናለሁ። አንገቱን አንስቼ ገለበጥኩትና ዘቅዝቄ አስቀመጥኩት። እኔ፣ አሥራ ሁለት ልጅ ፊት ቆሜ «ዕቃ ይገለበጣል እንጂ እጅ አይገለበጥም» ያልኩት፣ ገለበጥኩት። ጭረቱ እንደ ነበረው ወደ ቀኝ አዘንብሎ ቁጭ አለ። ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። መኮንኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አየ፤ ለዚያ ሸክላ ሠሪ መሆን አያሻም።

ልጅቷ በዚህ መሀል መሀረቡን ከዓይኗ ስባ አውርዳ ነበር። ቦርሳውን አየች፣ አስካሪዎቹን አየች፣ እኔን አየች። «ተሳስቼ ነው። ሁሉም ይመሳሰላሉ። እኔ አላውቅም» አለች። አስተርጓሚው አልተረጎመላትም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እሷ ግን ወዲያው ነው ያወቀችው።

ልወጣ ስል አንዱ አስካሪ ክንዴን ይዞ ግድግዳው ጋ አስቆመኝ። መኮንኑን ይዞ ወደ መንደራችን የሄደው ማኪና ድምፁ እስኪጠፋ ያዘኝና ለቀቀኝ። እኔን ያላሰሩኝ ሲኞራዋ ስለለመነች ነው አሉ፤ መተርኮሻዎቿ አላለቁም ነበር። ሲኞራዋ አውቃ ይሁን ሳታውቅ መኮንኑን ያመጣችው እስከ ዛሬ አልገባኝም። መንደራችን ከከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ሩጫ ከማኪና ጋር ምን ያደርጋል? ከመንደሩ በታች ወንዙ ጋ ስደርስ ይዘዋት እየወረዱ ነበር።

እጆቿን ፊት ለፊት አስረዋቸዋል። እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ማኪናው ወንዙን ሊሻገር ሲያዘግም እኔን አየችኝ። ምን እንዳደረግሁ አታውቅም ነበር፤ ከእሷ ፊት ያነበብኩት አለማወቋን ነው። «እሳት አንድጃለሁ» አለችኝ። «እዪልኝ፤ ነፋሱ ከላይ ነው።» ማኪናው ተሻገረ።

እኔም እሳቷን ለማየት መሄድ አልቻልኩም። ትምህርት ቤት አስካሪው ክንዴን ስለነካኝ ረክሻለሁ። ወንዝ ገብቼ ታጠብኩና ፀሐይ እስክትጠልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሆኜ ጭሱን እያየሁ «ነፋሱ ከላይ ነው፣ ኩበት ጨምሩበት» እያልኩ ወደ ሴቶቹ እጮህ ነበር። እህቷ የታሰረችበት ሰው እንዴት ሥርዓት ያስባል የሚለኝ ይኖራል። ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። በማግስቱ ከጉድጓዱ የወጡትን የእሷን እንስራዎች ሽማግሌዎቹ አሰበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደራችን ሸክላ ላይ ጭረት እንዳይደረግ ተባለ። ሴቶቹ የእሳቱን ዕቃ በክር እያሰሩ ይለዩ ጀመር፤ ክሩ ይቃጠላል፣ ይጣላሉ።

እኔን ግን ሲኞራዋ አስጠራችኝና ተመልሼ ገባሁ። ማለስለስ ብቻ አስተማርኩ። ጠጠር አንስተው ይሹ፤ ሌላ ምን ቀረ? ያቺ ልጅ ለብዙ ቀን አልመጣችም። እህቴ ወዴት እንደተወሰደች የሚነግረኝ አጣሁ። ወህኒው ደጃፍ ምግብ ይዤ ቆሜ እውላለሁ፤ «እዚህ የለችም» ይሉኛል፤ ቆይተው «ሂጂ» ይሉኛል። በሕይወት አለች ብዬ ነበር የምሄደው።

አንድ ጠዋት በቀሃ ወንዝ በኩል ሳልፍ፣ ወታደሮቹ ውኃ በሚያስቀዱበት ቦታ አንድ እንስራ ቆሞ አየሁ። አንገቱ ሥር ሦስት ረድፍ አለ፤ ወደ ግራ። ተፈታለች አልኩ፣ ወጥታለች። ተንበርክኬ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ጥፍሩ ትንሽ ነው። ጭረቱ ሲጀምር ይደፍራል፣ ሲጨርስ ይጠራጠራል። እህቴ ተጠራጥራ አታውቅም። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መዳሰስ አላስፈለገኝም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ያቺ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መጣች። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቅሁና «ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ጓሮ ውስጥ ነው የምተኩሰው። እናቴ ብቻ ናት የምታውቀው።» ቀና ብላ አላየችኝም። «ባለ ግራ እጇ ውጭ ናት ብለው እንዲያስቡ ነው፣ እትዬ። እንስራው ከታየ ያሰሯት ሌላ ሰው ናት ማለት ነው። ይፈቷታል።»

«ማን መከረሽ?»

«ማንም። እኔ አይደለሁ ያሳሰርኳት?»

እንዲህ ስትል ልቤ ራራላት ብል ውሸት ነው። ያን ሰሞን እጠላት ነበር፤ ራሴን መጥላቱ ሲበዛብኝ ለእሷ አካፍላት ነበር። ሐሳቡ ግን ያዘኝ። የክርስቲያን ልጅ ሸክላ ትሠራለች ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? በየመንገዱ እንስራ አዝላ ስትሄድ ውኃ የምትቀዳ እንጂ ሌላ አትመስልም። ሥራዋ ግን ገና ነው፤ የእህቴን እንስራ የሚያውቅ ሰው ቢያየው አይታለልም። «መጨረሻው ላይ ትፈሪያለሽ» አልኳት። «ጥፍርሽ ሳይፈራ ነው መውጣት ያለበት።» ደጋግማ ሞከረች። አልሆነም። በጭቃና በገል የሚነገረው ሁሉ ተነግሯል። ያን ጊዜ ከኋላዋ ተቀመጥኩና ግራ እጇን በግራ እጄ ያዝኩት። እጇ ቀዝቅዟል። ሁለታችንም ግራ እጃችን ደካማ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን እህቴ እንደምትሠራው ሳበ።

እስከ ሰኔ ድረስ እንዲህ ሆነን ሠራን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወንዝ ገብቼ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጠብቄ ነው መንደር የምገባው። ሴቶቹ ጠረጠሩ እንጂ አልጠየቁኝም። እንስራዎቹን ልጅቷ አንዱን ወንዝ ዳር፣ አንዱን ገበያ መግቢያ፣ አንዱን የወታደሮቹ ሰፈር በር ላይ ትተዋለች። አንድ ቀን አስካሪዎች መንደራችን መጥተው ሴቶቹን ሁሉ አሰልፈው ድንጋይ አስወረወሯቸው፤ በየትኛው እጃቸው እንደሚወረውሩ ለማየት ነው። ሁሉም በቀኛቸው ወረወሩ። ጣሊያኖቹ ግራ ተጋብተዋል፣ እንስራው ሠርቷል፣ ትፈታለች እያልኩ ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልብሷን አጠብኩላት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሲኞራዋ ባሏ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ልትሄድ ሆነ። አስተርጓሚው የቀሩትን ዕቃዎች ሊያስጭን መጣ። ሌሎቹ ልጆች ሄደዋል፤ እኔና ልጅቷ ነበርን። አንድ እንስራ በጨርቅ ሸፍነን አስቀምጠናል። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ደህና ሰው እለው ነበር።

«ምነው ትደክሚያለሽ?» አለኝ።

«ምኑን አያ?»

«አንድም ቀን ለማንም አልተናገርኩም። አውቃለሁ ግን።» ባርኔጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እህትሽ ከተማ አልገባችም። ያን ዕለት ማኪናው መንገድ ላይ ቆመ። ወህኒ ደጃፍ መመላለሱን ተይው።»

«የት ላይ?» አልኩት።

«መንገዱ ላይ ነዋ፤ ከመንደራችሁ ወዲህ።»

«ምኑ ጋ?»

ሳጥኑን አስጭኖ ሄደ።

እሷ ከተያዘችበት ዕለት ጀምሮ ጠዋት ማታ የተመላለስኩበት መንገድ ነው። ቅርጫት ተሸክሜ፣ የጭረቱን አጣጣል በሐሳቤ እያስተካከልኩ፣ ለእሷ ወህኒ የሚገባውን ምግብ ይዤ አልፌባታለሁ። ልጅቷ ጨርቁን አንስታ እንስራውን ልታፈርሰው እጇን ሰደደች። «ተይው» አልኳት። ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ። ስትከተለኝ አልመለስኳትም። መንገዱን ሁሉ በዝግታ ሄድን፤ ግራና ቀኙን እያየን፣ የተቆፈረ አፈር የሚመስለው ሁሉ ጋ እየቆምን። ዝናብ ጀምሯል፤ ሣር በቅሏል፤ የሚለይ ነገር አልነበረም። ከየት ጀምሮ እንደያዝኩት አላስታውስም፤ ወንዙ ጋ ስንደርስ እጇ እጄ ውስጥ ነበር። «ተመለሺ፤ እናትሽ ትጨነቃለች» አልኳት።

ከወገን ውጭ ያለን ሰው ለነካ አንድ መታጠብና አንድ ጀምበር ይበቃዋል። ሬሳ የነካ ግን ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ ይቀመጣል። እኔ የምነካው ሬሳ አልሰጡኝም። የረገጥኩት መንገዱን ነው። ፀሐይ ጠለቀች፤ አልገባሁም። ሴቶቹ ከላይ ሆነው ጠሩኝ፤ ምግቤን ድንጋይ ላይ አስቀምጡልኝ አልኳቸው። ሰባት ቀን ወንዙ ማዶ ተቀመጥኩ። ኢየሩሳሌም ያልገባሁትም የትኛው አፈር እሷን እንደያዘ ሳላውቅ ይህን መንገድ ትቼ መሄድ አቅቶኝ ነው።